አዳማ ላይ የፑልሳር 200 ዝግጅት፦ ገንዘቡ በየትኛው ዕቃ ላይ ይውጣ?

ጥቅምት 9

ለሜዳ ልምምድ ብቻ የማውላትን ሞተር ሳይክል ዛሬ ግቢ አስገባኋት። ፑልሳር 200 ኤንኤስ ናት፤ ሠሪው ባጃጅ ቢሆንም አዳማ ላይ «ባጃጅ ገዛሁ» ያለ ሰው ባለሦስት እግሯን ገዛ ስለሚባል «ፑልሳር» ማለቱ ይቀላል። ሞተሩ 199.5 ሲሲ ሲሆን በውሃ ይቀዘቅዛል፤ አራት ቫልቭና ሦስት ካንዴላ አለው፤ ቤንዚን የሚያገኘውም በካርቡራተር ነው። በመንገድ ላይ አልነዳትም። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ በኩል ለከባድ መኪና ማቆሚያ ተብሎ አስፋልት ከተነጠፈ በኋላ ሥራ ፈቶ የቀረ ሜዳ አለ፤ ባለቤቱ እሑድ ጠዋት እንድንለማመድበት ፈቅደውልናል።

የመደብኩት ገንዘብ 45,000 ብር ነው። ምክር ግን ከገንዘቡ በላይ ተትረፍርፏል። አንዱ «ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቀይር» ይላል፣ ሌላው የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መጣል ነው ይላል፣ ሦስተኛው ጎማ ካልተቀየረ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ይላል። ሦስቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ነገር ግን አንዳቸውም ያሉት ዕቃ በዙር ስንት ሰከንድ እንደቀነሰላቸው ሊነግሩኝ አልቻሉም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለመቀየር፣ እያንዳንዱንም በዚያው ሜዳ በሰዓት ለመለካት፣ በሰዓቱ ላይ ያልታየውንም ለባለቤቱ ለመመለስ ወይም ለመሸጥ ወስኛለሁ።

ጥቅምት 10

መነሻውን ለካን። በቀይ ኮን ያሰመርነው ዙር 580 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ረጅሙ ቀጥታ 200 ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት በጣም ጠባብ ኩርባዎችና አንድ ሰፋ ያለ የግራ ኩርባ አሉት። በስልክ ጂፒኤስ ለመለካት ሞክረን ተውነው። ስልኩ ያለንበትን ቦታ የሚያድሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ስለሆነ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሁለት ንባብ መካከል 22 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ አሥረኛ ሰከንድ መፈለግ ራስን ማታለል ነው። በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና የሚማረው የእህቴ ልጅ በእጅ ሰዓት ያዘልኝ። አሥር ዙር ነድቼ ፈጣኑንና ቀርፋፋውን ጥለን የቀሩትን የስምንቱን አማካይ ስናሰላ 41.6 ሰከንድ ሆነ። ከዙር ዙር ያለው መዋዠቅ ወደ 0.4 ሰከንድ ስለሚጠጋ ከ0.2 በታች የሆነን ልዩነት እንደሌለ ልንቆጥረው ተስማማን።

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ እንደገና ብንሞክር ነፋሱ ተነሥቶ ቁጥሩን ሁሉ አበላሸው። ይህች ከተማ የነፋስ ተርባይን የተተከለባት በከንቱ አይደለም፤ የአዳማ አንድ እና የአዳማ ሁለት ጣቢያዎች በድምሩ እስከ 204 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ከዚሁ ነፋስ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የ30 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢመጣ የአየሩ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ ደረት ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዛሬ ጀምሮ ልኬት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ በኮኑ ጫፍ ላይ ያሰርናት የፌስታል ቁራጭ መውለብለብ ስትጀምር ሰዓቱ ይቆማል።

ጥቅምት 14

ዛሬ አልተነዳም፤ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ሦስቱም ጫፋቸው በደረቅ ጥላሸት ጥቁር ሆኗል፤ በጣት ሲነኩት እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ይይዛል። ዘይት ቢሆን ኖሮ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ይሆን ነበር። ይህ ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን እየጠጣ መሆኑን ያሳያል፤ ምክንያቱንም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ፋብሪካው በደቂቃ 9,500 የሞተር ዙር ላይ 23.5 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ያለው ሞተር እዚህ 20 ቢሰጥ ነው። ካርቡራተሩ ግን አየሩ እንደሳሳ ቤንዚኑን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ የሚያሳልፈው ቤንዚን የሚቀንሰው በአየሩ ክብደት ካሬ ሥር ልክ ብቻ ስለሆነ ድብልቁ ወደ 8 በመቶ ያህል ይወፍራል። የእህቴ ልጅ ይህን በወረቀት ሠርቶ ሲያሳየኝ ደስ ያለኝ በስሌቱ ሳይሆን ከጥቁሩ ካንዴላ ጋር በመግጠሙ ነው።

ጥቅምት 17

መስታወቶቹን፣ የሰሌዳ መያዣውን፣ የተሳፋሪ መያዣውን፣ የፊትና የኋላ ምልክት መብራቶቹን አወረድኩ። በኋላ ጎማው በግራ በኩል ያለውን የብረት ጠባቂም ፈታሁት፤ ሕንዶቹ ያስገቡት የሴቶች ሳሪ በጎማው እንዳይጠመጠም ነው፤ እዚህም ነጠላ ላደረገች ተሳፋሪ ጥሩ ነገር ነበር። በእህል ነጋዴው ጎረቤቴ ሚዛን ላይ ቢቀመጥ ሁሉም በድምሩ 4.6 ኪሎ ሆነ። የዙሩ ሰዓት 41.5። እንደ ደንባችን ከሆነ አልተለወጠም፤ ነጻ ስለሆነ ግን እንደተፈታ ይቆያል።

ጥቅምት 24

ከዚህ ሥራ ሁሉ የወደድኩት የዛሬውን ነው።

ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የፋብሪካው ጥርሶች ፊት ባለ 14፣ ኋላ ባለ 39 ናቸው፤ ይህም 2.79 ለ1 ይሆናል። ለሀገር አቋራጭ መንገድ የተመረጠ ልክ ነው። በእኛ ሜዳ ግን ከጠባቡ ኩርባ በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ ሞተሩ 4,800 ዙር ላይ ሆኖ ያቃስታል፤ ከፍተኛውን ጉልበት ወደሚሰጥበት ዙር ሲደርስ ቀጥታው አልቆ ፍሬን የምይዝበት ቦታ ይመጣል። አምስተኛና ስድስተኛ ማርሽ ከነመኖራቸው ትዝ ብለውኝ አያውቁም።

አማራጩ ሁለት ነው። ኋላ ባለ 42 ማስገባት ወይም ፊት ባለ 13 ማስገባት። የሚገርመው 42 ለ14 ሲካፈልም 39 ለ13 ሲካፈልም መልሱ ልክ 3 ነው፤ ጎማው የሚያገኘው ኃይል በሁለቱም መንገድ አንድ ዓይነት ነው። የፊቱ ጥርስ ግን የትንሽ ሳህን ያህል ብረት ስለሆነ ርካሽ ነው፣ ሰንሰለትም ማስረዘም አይጠይቅም። ጉዳቱ ሰንሰለቱ በትንሹ ጥርስ ላይ ሲዞር ይበልጥ መታጠፉና የኋላ ጎማውን ወደያዘው የኋላው ክንድ ተጠግቶ መሮጡ ነው። መካኒካችን ዕቃውን እያገላበጠ «ጋሼ፣ ርካሽ ነገር ወጪውን ሌላ ቦታ ደብቆ ነው የሚመጣው» አለኝ። እኔ ግን ባለ 13ቱን በ1,400 ብር ገዛሁ።

ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ፤ አብዛኛው ጊዜ የጠፋው የፊቱን ጥርስ የያዘውን ብሎን ለመፍታት ነው። የእህቴ ልጅ ተቀምጦበት የኋላ ፍሬን በሙሉ ክብደቱ ረግጦ ካልያዘልኝ በቀር ቁልፉን በጎተትኩ ቁጥር ጎማው አብሮ ይዞራል። የድሮው ጥርስ ሲወጣ ጫፎቹ ወደ አንድ ጎን እንደ ሻርክ ክንፍ ተላግተው አየናቸው፤ ለማንኛውም መቀየር ነበረበት። አዲሱን አስገብተን፣ ሰንሰለቱ ስለላላ የኋላ ጎማውን በጥቂቱ ወደ ኋላ ስበን፣ በሁለቱም በኩል ያለው ምልክት እኩል መሆኑን በመስመሪያ አረጋግጠን አሰርን።

በሜዳው 40.8 ሰከንድ መጣ። ከኩርባው ስወጣ ሞተሩ 5,200 ዙር አካባቢ ላይ ስለሚሆን ማቃሰቱ ቀርቷል፤ ሦስተኛ ማርሽም አሁን የሚሠራ ማርሽ ሆኗል። ቤት ገብቼ ሳሰላው በየትኛውም ማርሽ ጎማው የሚያገኘው ጉተታ በ7.7 በመቶ አድጓል። ከፍታው የወሰደው 15 በመቶ ስለሆነ ግማሹን ያህል በአንድ ትንሽ ብረት አስመለስኩ ማለት ነው። በእርግጥ በየማርሹ የምደርስበት ፍጥነትም በዚያው ልክ ቀንሷል፤ ነገር ግን 200 ሜትር ቀጥታ ላለው ሰው ከፍተኛ ፍጥነት የማይጠቀምበት ሀብት ነው።

ኅዳር 1

የካርቡራተሩን ዋና ጄት፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት፣ ቀየርን። ድብልቁ በ8 በመቶ ከወፈረ የጄቱ ቀዳዳ ስፋት በ8 በመቶ፣ ማለትም የቀዳዳው ዲያሜትር በ4 በመቶ ያህል መጥበብ አለበት። አንድ ጋራዥ ያለውን ጄት በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ በቀጭን ሽቦ እንደገና ሊበሳልኝ ነበር፤ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለካ ነገር በሽቦ አይበሳም ብዬ ጥዬ ወጣሁና ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ትክክለኛውን በ900 ብር አስመጣሁ። ሰዓቱ 40.6፤ በደንባችን ድንበር ላይ ያለ ውጤት ነው። ካንዴላዎቹ ግን ከአሥሩ ዙር በኋላ የቡና ወተት መልክ ይዘው ወጡ፤ ከዝቅተኛ ዙር ሲነሣ የነበረው መንተፋተፍም ቀርቷል። ሰዓቱ ባይፈርድለትም ይህን አልመልሰውም።

ኅዳር 6

ይህን ብዕሬ እያመመኝ ነው የምጽፈው። ከአንድ ሱቅ «አዲስ፣ ለስላሳ፣ የውድድር» የተባለ የኋላ ጎማ ገዛሁ። ላዩ ላይ ያለው የላስቲክ ጭረት ሳይነካ አለ፣ ላስቲኩም በአርሞሮል (በጎማ ማብሪያ) የታሸ ያህል ያብረቀርቃል። ቤት ወስጄ በጎኑ ላይ ያለውን ሞላላ ሳጥን ፈልጌ አገኘሁት፤ በውስጡ 3117 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ፤ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2017 በ31ኛው ሳምንት ነው። ያልተነዳ ጎማም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ የሚይዝበት ለስላሳነት ይጠፋል። ጥፍሬን ብጫነው ምልክት አልያዘም፤ አጠገቡ የነበረው የቤት ጫማዬ ሶል ይበልጥ ይለሰልስ ነበር።

ባለ ሱቁ ሁለት ሺህ ብር ቆርጦ መለሰልኝ። ጥፋቱ የእሱ ቢሆንም ከመክፈሌ በፊት ጎንበስ ብዬ አራት ቁጥር አለማንበቤ የእኔ ነው፤ ስለዚህ ብዙም አልተከራከርኩም።

ኅዳር 15

ትክክለኛዎቹ ጎማዎች ገቡ፤ ፊት 100/80-17፣ ኋላ 130/70-17፤ የፋብሪካው ልክ ነው። ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ እንዳስገባ የመከሩኝ ነበሩ። ቸርኬው ሳይሰፋ ጎማው ብቻ ከሰፋ ጎኑ ተጨብጦ ቅርጹ ስለሚሾል ከመቆም ወደ መጋደም ሲሄድ የሚያስደነግጥ ይሆናል፤ ለ20 የፈረስ ጉልበትም 130 ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱ 17,500 ብር ሆኑ።

ጎማው ውስጥ የሚሞላውን ነፋስ መጠን ከመወሰናችን በፊት የእህቴ ልጅ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በቀዝቃዛ 28 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብንሞላ፣ ጎማው ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 32 ይወጣል፤ መለኪያው የሚያሳየው ከከባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ የአዳማን የከባቢ ግፊት፣ 12 ፒኤስአይ ገደማ፣ ደምሮ ካልተሰላ ቁጥሩ አይገጥምም። ስለዚህ ከመነሣታችን በፊት ሳይሆን ከአምስት ዙር በኋላ ትኩሱን ለክተን ወደ 29 አወረድነው።

39.4 ሰከንድ። ሌላ ማንኛውም ዕቃ ያላመጣው 1.2 ሰከንድ በአንድ ጠዋት ወረደ። በድሮው ጎማ ስነዳ መንሸራተቱን የሞተር ሳይክሏ የራሷ ጠባይ አድርጌ እቆጥረው ነበር። የኋላው ጎማ ጠርዝ ላይ ሳይነካ የቀረው አንድ ጣት ስፋት ያለው ላስቲክ አሁን አምስት ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል።

ኅዳር 22

ጎማው ሲይዝ ፍሬኑ አነሰ። ከስምንተኛው ዙር በኋላ የፊት ፍሬን መያዣው ወደ እጀታው እየተጠጋ መጣ። ከማጠራቀሚያው የወጣው የፍሬን ዘይት የሻይ መልክ ነበረው። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ገደቡ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ መያዣው ስፖንጅ የሚሆነው ለዚህ ነው። አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አስወጥተን፣ ጠንከር ያለ የፊት ሸራ አስገብተን 4,300 ብር ወጣ። ለሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠራ አንድ ቤት የብረት ሽቦ ያለበት የፍሬን ቱቦ በርካሽ ሊሠራልኝ ነበር፤ ለገልባጭ መኪና ሥራቸው ጥሩ ቢሆንም የፊት ፍሬኔን በሙከራ ሥራ ላይ አላስይዝም። 39.1 ሰከንድ፤ አሥሩም ዙር እኩል።

ታኅሣሥ 6

አሁን ደግሞ የፊት ሾኩ ተራ ሆነ። በአንዱ የሾክ ዘንግ ላይ ያሰርኩት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ከእያንዳንዱ ጠንካራ ፍሬን በኋላ ጥግ ድረስ ተገፍቶ ይገኛል፤ ሾኩ መጨረሻው ላይ ይመታል ማለት ነው። በድሮው ጎማና ፍሬን ይህ አይደርስም ነበር፤ ጥቅምት ላይ ገንዘቡን ለሾክ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ምንም ባልነገረኝ ነበር፣ እኔም ሾክ አይጠቅምም ብዬ በጻፍኩ።

ስቀመጥባት ሾኩ መውረድ ከሚችለው ርቀት 40 በመቶውን በክብደቴ ብቻ ይበላል። ወደ 30 በመቶ ለመመለስ በሞላው ላይ ከጠንካራ የውሃ ቱቦ የተቆረጠ 15 ሚሊ ሜትር ማስረዘሚያ ጨመርን፣ ዘይቱንም በወፍራም ተካነው፤ 1,600 ብር። ሁለቱን ቁራጮች በመጋዝ ከቆረጥኩ በኋላ እኩል እስኪሆኑ በአሸዋ ወረቀት መሞረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ማሰሪያው አሁን ከጥጉ 12 ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይቆማል። 38.8 ሰከንድ ሲሆን መዋዠቁ ከ0.4 ወደ 0.2 ወርዷል።

ታኅሣሥ 13

ብዙ የተባለለት ማርሚታ በትውስት መጣ። በድምፁ ብቻ ከሆነ አሥር የፈረስ ጉልበት የጨመረች ይመስላል፤ ሜዳው ዳር ከብት ሲጠብቁ የነበሩት ልጆች ሁለት እጃቸውን አንሥተው ጨፈሩ። ሰዓቱ 38.8። ከጠባቡ ኩርባ ስወጣ እንዲያውም ትንሽ ሰነፍ ሆናለች፤ ጋዙን ስዘጋ ይፈነዳዳል፣ ካንዴላዎቹም ወደ ነጭ ሄደዋል፤ አየሩ በነጻ ሲወጣ ድብልቁ ስለሳሳ ነው። በዚህ ላይ ጄት መልሼ ማስፋት አለብኝ። አበዳሪዬ ቅር ቢለውም አጥቤ መለስኩለት።

ታኅሣሥ 20

የቀረኝ ገንዘብ 17,300 ብር ነው። ዛሬ ሰንሰለቱን ሳጸዳ በኋላው ክንድ ላይ ያለውን የላስቲክ መንሸራተቻ አየሁት፤ በትንሹ የፊት ጥርስ ምክንያት ሰንሰለቱ እየታከከው ሁለት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮበታል። በዚህ አያያዝ ፋሲካን አይሻገርም፤ ከእሱ ሥር ያለው ደግሞ አልሙኒየም ሳይሆን የክንዱ ብረት ራሱ ነው። መካኒኩ ቦዩን በጣቱ ዳስሶ ምንም ሳይናገር ቀና ብሎ አየኝ። ኋላ ባለ 42 ጥርስና ከእሱ ጋር የሚሄድ ረዘም ያለ ሰንሰለት እንዲፈልግልኝ አዲስ አበባ ላለ ሰው ደወልኩ፤ ፊት አዲስ ባለ 14 ይገባል፣ ባለ 13ቱም ከተፈታ በኋላ ሚስማር ላይ ይሰቀላል።